የደጋው ምድጃ፦ በስሜን ግርጌ የሙቀት ታሪክ

በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ ሳለ ከአንድ የእብነ በረድ ዙፋን ላይ የተቀረጸ የግሪክ ጽሑፍ ገልብጦ ወሰደ። ጽሑፉን ያስቀረጸው የአክሱም ንጉሥ ስሙ አልተገኘም፤ ነገር ግን ድል አደረግኋቸው ብሎ ከሚዘረዝራቸው ሕዝቦች መካከል ከወንዙ ማዶ፣ ለመውጣት በሚያስቸግሩ ተራሮች ላይ የሚኖሩት የስሜን ሰዎች ይገኙበታል። አገራቸውም ጉምና ብርድ የማይለዩት፣ የሚጥለውም በረዶ ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰጥም መሆኑን ይናገራል። ይህ ስለ ስሜን ከሚታወቁት የጽሑፍ ምስክሮች ሁሉ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። እንግዲህ ስሜን በጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ብቅ ያለው በነገሥታቱ ወይም በከተሞቹ ስም ሳይሆን በብርዱ ነው ለማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ አገር ብዙ ተጽፏል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በደረስጌ ጦርነት ድል መሆናቸው፣ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉም በዚያው በደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ መጫናቸው በየታሪክ መጽሐፉ ይገኛል። ያን ሰሞን በደጋው ላይ የሰፈረው ሠራዊት ሌሊቱን በምን እንጨትና በማን ምድጃ እየሞቀ እንዳሳለፈው ግን ለመመርመር የሞከረ እምብዛም የለም። ምድጃ የሴትና የጓዳ ጉዳይ ነው ተብሎ ከታሪክ ደጃፍ ውጭ ቀርቷል። ነገር ግን የደጋ ሰው ኑሮውን የመሠረተው በሁለት ነገር ላይ ነው፤ አንደኛው ማሳው ሲሆን ሁለተኛው እሳቱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዳባት፣ በደባርቅና በስሜን ግርጌ የሚኖረው ሕዝብ ከጥቂት እንጨት ብዙ ሙቀት ለማግኘት ያደረገውን የረጅም ዘመን ጥረት መመልከት፣ ከዚህም ጥረት ለዛሬው ምድጃ ምን ትምህርት እንደሚገኝ ማመልከት ነው።

ብርዱና ከፍታው

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ በወገራ ደጋ ላይ ዳባትን ያገኛል፤ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሞላም ደባርቅ ይደርሳል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ስትሆን ዳባት 2,600፣ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከዚያ በላይ ያለው ምድር እየወጣ ሄዶ በራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። አየሩ በአንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ስድስት ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ሸማ የሚበቃበትን አገር ትቶ የበግ ቆዳ ደበሎና የበግ ጠጉር ባና የሚፈለግበት አገር ይገባል። ክረምቱ በጉምና በዝናብ የረጠበ ነው። ሰማዩ ከጠራ በኋላ ደግሞ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ምድሩ ሌሊት ስለሚለቀው በላይኞቹ መንደሮች ውርጭ ይጥላል፤ ገብሱንም የሚያቃጥልበት ጊዜ አለ።

ለረጅም ጊዜ የውጭ አገር ሰዎች ይህን ብርድ አምነው አልተቀበሉትም። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በሊማሊሞ በኩል አልፎ ጎንደር ሲገባ በስሜን ተራሮች ላይ በረዶ ይታያል የሚለውን ወሬ ተጠራጥሮት ነበር። በኋላ ግን በትግራይ ብዙ ዓመት የኖረው ናትናኤል ፒርስ፣ ከእርሱም ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1832 ስሜንን ተዘዋውሮ ያጠናው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል የአገሬው ሰው ትክክል እንደነበረ መሰከሩ።

ከፍታው በብርዱ ብቻ ሳይሆን በድስቱም ላይ ሥራ አለው። በባሕር ዳርቻ ውኃ የሚፈላው መቶ ዲግሪ ሲደርስ ሲሆን በደባርቅ ግን ዘጠና ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ባቄላውም ሆነ አተሩ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ረዘም ያለ ጊዜም ተጨማሪ እንጨት ማለት ነው። ደገኛ በእንጨት ላይ ያለው ዕዳ እንግዲህ ድርብ ነው፤ አንዱን ለሆዱ፣ አንዱን ለገላው ይከፍላል።

ቤቱ ራሱ ምድጃ ነው

በብዙ ቀዝቃዛ አገሮች የሙቀት ታሪክ የመሣሪያ ታሪክ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1742 እሳትን በብረት ሣጥን ውስጥ ዘጋ፤ ራምፎርድ እ.ኤ.አ. በ1796 ባሳተመው ጽሑፍ የግድግዳ ምድጃን አፍ አጥብቦ ሙቀቱ ወደ ክፍሉ እንዲመለስ አደረገ። የሩሲያ ገበሬ በቤቱ መካከል ግዙፍ የሸክላ ምድጃ ሠርቶ በላዩ ላይ ይተኛል፤ የኮሪያ ሰው ደግሞ ጭሱን በወለሉ ሥር እያሳለፈ ወለሉን ያሞቃል። በስሜን ግርጌ ይህን የመሰለ መሣሪያ አልተሠራም። ከዚህ ተነሥቶ የስሜን ሰው ስለ ሙቀት አላሰበም፣ ከሦስት ጉልቻ አላለፈም የሚል ቢኖር ግን ይሳሳታል። የስሜን ሰው ምድጃውን ለብቻው አላሻሻለም፤ ቤቱን በሙሉ ምድጃ አደረገው እንጂ።

ቤቱን እንመልከት። ክብ ነው፤ ክብ ቤት የያዘውን ስፋት ያህል ስፋት ካለው ባለ አራት ማዕዘን ቤት ይልቅ ለነፋስ የሚያጋልጠው ግድግዳ አነስተኛ ነው። ግድግዳው በማገር ታስሮ በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ ድንጋይ በሚገኝበትም በድንጋይ ይካባል። በሩ ጠባብና ዝቅ ያለ ነው፤ መስኮት የለውም ወይም እጅግ ትንሽ ነው። ጣራው በወፍራሙ ይከደናል፤ በላይኛው ደጋ ለክዳን የሚፈለገው ጓሳ ነው። በሣሩ መካከል የታፈነው አየር ሙቀቱን እንዳይወጣ ይዞ ያቆየዋል። የክዳኑ ውፍረት ለዝናብ ብቻ የታሰበ የሚመስለው ሰው በጥር ሌሊት እንደዚህ ባለ ቤት ውስጥ ይደር።

በቤቱ ውስጥ ምድጃው ከመካከሉ አይርቅም። እሳቱ የሚያሞቀው አየሩን ብቻ አይደለም፤ ጉልቻውን፣ የምድጃውን ዙሪያ፣ የጭቃውን መደብም ያሞቃል። ድንጋይና ጭቃ ሙቀትን ቀስ ብለው ይቀበላሉ፤ ቀስ ብለውም ይመልሳሉ። ማታ የተቀበሉትን እኩለ ሌሊት ላይ ይከፍላሉ። የሩሲያው ምድጃም የኮሪያውም ወለል የቆሙት በዚሁ ሕግ ላይ ነው።

ከእሳቱ ሌላ ሁለተኛ ምድጃ አለ፤ እርሱም ከብቱ ነው። ላሙና በሬው፣ በጉና ፍየሉ በአንድ ጣራ ሥር ከሰው ጋር ያድራሉ። አንድ ተቀምጦ የሚያርፍ ሰው መቶ ዋት ያህል ሙቀት ከሰውነቱ ያወጣል፤ አንዲት ላም ደግሞ የብዙ ሰው ያህል ታወጣለች። ከብቱን በቤት ማሳደር ከጅብና ከሌባ ለመጠበቅ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ እንጨት ሳይጠይቅ የሚነድ እሳት ነው።

ሦስተኛው ጥበብ ማዳፈን ነው። እራት ከተበላ በኋላ ፍሙ ተሰብስቦ በአመድ ይሸፈናል። አመድ አየር ስለሚከለክል ፍሙ ቶሎ ነድዶ አያልቅም፤ እስከ ንጋት ድረስ ቀስ እያለ ይሞቃል። ጠዋት እመቤቲቱ አመዱን ገለጥ አድርጋ ጭራሮ ስትጨምርበትና እፍ ስትልበት እሳቱ ይነሣል። ክብሪት በገበያ እንደ ልብ ባልተገኘበት ዘመን እሳቱ የጠፋባት ሴት ገል ይዛ ከጎረቤት እሳት ትጭር ነበር። እሳት የመዳፈን ችሎታ ስለዚህ የቤት አያያዝ መለኪያ ሆኖ ኖሯል። ትዳር መያዝን ጎጆ መውጣት፣ ሦስት ጉልቻ መመሥረት የሚለው ቋንቋችንም ቤትና እሳት አንድ መሆናቸውን በአጭሩ ይመሰክራል።

ጭሱስ? በጣራው ላይ የጭስ መውጫ የለም፤ ጭሱ በሣሩ መካከል እየተጣራ ይወጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ ሙቀትም ይወጣበታል። ጭሱ ክዳኑን በጥቀርሻ እየለበጠ ከተባይና ከመበስበስ ይጠብቀዋል፤ ከምድጃው በላይ በቆጥ ላይ የተቀመጠውን የዘር እህልም ነቀዝ እንዳይደፍረው ያደርጋል። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፤ አይደለምም። ዋጋውን የከፈሉት የእናቶች ዓይንና የሕፃናት ሳንባ ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል። ስለ አሮጌው ቤት ጥበብ ስንናገር ይህን መሸፈን እውነትን ማዳፈን ይሆናል።

የምድጃው ሠሪዎች

ምድጃ ያለ ሸክላ፣ እንጨት ያለ መጥረቢያ አይሆንም። በስሜንና በወገራ ምጣዱንና ድስቱን በመሥራት፣ መጥረቢያውንና ማረሻውን በመቀጥቀጥ ሰፊ ድርሻ የነበራቸው ቤተ እስራኤል ናቸው። የስሜን አምባዎች የቤተ እስራኤል አለቆች ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር የተዋጉባቸው ምሽጎች ነበሩ፤ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከተሸነፉ በኋላ ግን ብዙዎቹ ርስታቸውን አጥተው በእጅ ሥራ ለመኖር ተገደዱ። ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ፤ ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ።

ኅብረተሰቡ ግን በሥራቸው እየተጠቀመ ሠሪዎቹን ናቃቸው። ከእሳት ጋር የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው ተባለ። በእነርሱ እጅ በተሠራ ምጣድ እንጀራ እየተጋገረ፣ በእነርሱ ድስት ወጥ እየተሠራ፣ እነርሱ ራሳቸው ከማዕዱ ተገለሉ። በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ለዘመናት ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ የሸክላ ዕውቀት አብሯቸው ሄዷል። የትኛው አፈር እሳት እንደሚችል፣ የትኛው ቶሎ እንደሚሰነጠቅ የሚያውቅ እጅ በአንድ ቀን አይፈጠርም። የእጅ ሠራተኛን መናቅ ምን ያህል እንደሚያከስር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ሌላዋ የምድጃው ባለቤት እንጨት ለቃሚዋ ናት። በእሳቱ ዙሪያ ማታ ማታ ተረት ሲነገር፣ እንቆቅልሽ ሲጠየቅ፣ አባት የዘር ሐረጉን ለልጁ ሲያስቆጥር፣ እሳቱን በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችው ሴት በጓዳ ሥራ ላይ ናት። የቃል ሥነ ጽሑፋችንን ስናደንቅ ያ ሥነ ጽሑፍ የተነገረበትን ብርሃን ማን እንዳቀረበው ማስታወስ ይገባናል።

መንገዱና ቆርቆሮው

በዚህ ሥርዓት ላይ ታላቅ ለውጥ ያመጣው መንገድ ነው። ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሊማሊሞን ገደል ሰንጥቀው የመኪና መንገድ አወጡ። በወልቅፊት የመሸገው ጦራቸው ለወራት ከተከበበ በኋላ መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን ነፃ ወጣች። ወራሪው ሄደ፤ መንገዱ ግን ቀረ። በመንገዱም ላይ ጨው፣ ጨርቅ፣ ላምባና ቆርቆሮ መጓዛቸውን ቀጠሉ።

ቆርቆሮ የኑሮ መሻሻል ምልክት ሆነ። እሳት አይፈራም፤ በየጊዜው ክዳን መለወጥ አያስፈልገውም፤ ዝናብ አያስገባም። በዳባትና በደባርቅ በመንገዱ ዳርና ዳር የሚታዩት ቤቶች ቅርጻቸው ከክብ ወደ አራት ማዕዘን፣ ክዳናቸው ከሣር ወደ ቆርቆሮ ተለወጠ። ነገር ግን ቆርቆሮ ሙቀት አይዝም። ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ይግላል፤ ማታ የምድጃውን ሙቀት እንዳለ ተቀብሎ ለሰማይ ይሰጣል። በሣር ቤት ውስጥ በአንድ እቅፍ እንጨት ይሞቅ የነበረ ቤተሰብ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከዚያ በላይ እያነደደ ይበርደዋል። ከብቱም ለብቻው በረት ተሠርቶለት ወጥቷል፤ ለጤና መልካም ነው፤ ሁለተኛው ምድጃ ግን አብሮ ወጣ።

ሕዝቡ ይህን ሳያስተውል አልቀረም። ከቆርቆሮው ሥር በአቡጀዲ ወይም በተፈታ የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ይወጥራል፤ ግድግዳውን በጋዜጣ ይለብጣል፤ የበሩን ሥር በጨርቅ ይደፍናል። ይህ ብዙ ጊዜ ለውበት የተደረገ ይመስላል፤ በመሠረቱ ግን የጠፋውን የሣር ክዳን ሥራ በሌላ ዕቃ ለመተካት የሚደረግ ትግል ነው።

አስታውና ፓርኩ

እንጨቱ ከየት ይመጣል? በታችኛው ደጋ ወይራ፣ ጽድና ኮሶ ነበሩ፤ ከፍ ሲልም አስታ ይበቅላል። የአስታ እንጨት ጠንካራና ፍሙ የሚቆይ በመሆኑ በደገኛው ዘንድ የተወደደ ነው፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ነው። የደጋው ሕዝብ ሲበዛና እርሻው ወደ ገደሉ ሲገፋ ደኑ ሸሸ። በ1880ዎቹ መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ዘግይቶም ቢሆን ስሜን ግርጌ ደርሶ ብዙ ምድጃ አድኗል። ባሕር ዛፍ ባልደረሰበት ደግሞ ኩበት ነደደ። ኩበት ሲነድ ቤት ይሞቃል፤ ማሳ ግን ይራባል፤ ለገብሱ መመለስ የነበረበት ፍግ አመድ ሆኗልና።

በ1962 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። ዋልያው፣ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው የዓለም ሀብት ናቸው፤ ይህን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ አስታውን መጠበቅ ሲጀመር አስታው የማን ምድጃ ይነድበት እንደነበረ አብሮ መጠየቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1996 ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ወደ ደባርቅ ተዛወረ፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ደኑ እፎይ አለ። ከግጭ የወረደው ቤተሰብ ግን ትናንት ይለቅመው የነበረውን እንጨት በከተማ ገበያ በገንዘብ የሚገዛ ሆነ። ለጥበቃው የሚከፈለው ዋጋ በደገኛው ምድጃ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ማሰብ ከፍትሕም ሆነ ከጥበቃው ዘላቂነት አንጻር ተገቢ ነው።

የጎደለው ሒሳብ

በ1980ዎቹ የእንጨት እጥረት እየከፋ ሲሄድ የተሻሻሉ ምድጃዎች ተሠርተው ቀረቡ። ለከሰል ላቀች፣ ለእንጀራ ምርጥ ምድጃ ወጡ። ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ቀላል ከሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚቀረጽ፣ ተገጣጥሞ ምጣዱን ዙሪያውን የሚዘጋ ነው፤ ሲፈተንም በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እንጨት እስከ ግማሽ የሚደርሰውን አትርፏል። ጎንዚዬ የሚባለው የሸክላ ምድጃም ተከተለ። እነዚህ ሥራዎች ከእናቶች ጀርባ ላይ ሸክም፣ ከዓይናቸው ላይም ጭስ የቀነሱ በመሆናቸው ሊመሰገኑ ይገባል።

ነገር ግን ሒሳቡ ለደጋ ሲሆን አንድ ነገር ይጎድለዋል። የምድጃው ጥራት የተለካው ለአንድ እንጀራ ስንት እንጨት ነደደ በሚል ነው። በዚህ ሚዛን ከሦስት ጉልቻ ጎን የሚያመልጠው ሙቀት ሁሉ ብክነት ነው። በቆላ እውነት ነው፤ በደባርቅ ግን ያ ብክነት የተባለው ሙቀት ሕፃኑ የሚሞቅበት፣ ሽማግሌው እጁን የሚዘረጋበት፣ ክረምት የበሰበሰው ልብስ የሚደርቅበት ነው። የሚነደው እንጨት በግማሽ ሲቀንስ በቤቱ ውስጥ የሚለቀቀው ሙቀትም በግማሽ ይቀንሳል። እንጀራው ከወጣ በኋላ ቤቱ ከቀዘቀዘ እመቤቲቱ በአሮጌው ጉልቻ ሁለተኛ እሳት ታነዳለች፤ በምርጥ የተረፈው እንጨት በሌላው ያልቃል። ከዚያም ሕዝቡ አዲስ ነገር አይቀበልም ተብሎ ይወቀሳል። አልተቀበለም ሳይሆን አልተጠየቀም ማለት ይሻላል።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላል አበው። ምድጃውን ብቻ መለወጥም ቤት አያሞቅም። የስሜን ታሪክ የሚያስተምረው መጀመሪያ ሙቀቱን መያዝ፣ ቀጥሎ እሳቱን ማሻሻል እንደሚገባ ነው። በቆርቆሮው ሥር የጭድ ወይም የሣር ኮርኒስ መሥራት፣ በግድግዳና በጣራ መካከል ያለውን ክፍተት መመረግ፣ በምድጃው ዙሪያ ወፈር ያለ የድንጋይና የጭቃ መደብ ማቆም፣ ጭሱም በዚያ መደብ ውስጥ ተጠማዝዞ ሙቀቱን ጥሎ እንዲወጣ ማድረግ ከሸክላ ሠሪና ከግንበኛ ዕውቀት በላይ የሆነ ነገር አይደለም። እንዲህ ከሆነ ዓይንም ሳይታመም ቤትም ይሞቃል። እንጨቱንም በበጋ ፈልጦ ከዝናብ በተጠለለ ቦታ ማድረቅ ቀላል የማይባል ትርፍ አለው። አንድ ኪሎ በሚገባ የደረቀ እንጨት አሥራ አምስት ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ግማሽ ክብደቱ ውኃ የሆነ አንድ ኪሎ እርጥብ እንጨት ግን ውኃውን ለማትነን ስለሚከፍል የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ከዚያም ላይ በጭስ ያባክናል።

ኤሌክትሪክ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ከተሞች ቢደርስም በገጠሩ ገና ለብዙ ዓመታት የሚነደው እንጨት መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ለደጋ የሚታሰብ ምድጃ በደጋ ሌሊት መፈተን፣ የሚለካውም በእንጀራው ብዛት ብቻ ሳይሆን ሲነጋ በመደቡ ላይ በቀረው ሙቀት ጭምር መሆን ይኖርበታል። ከአዱሊስ ዙፋን ጀምሮ ብርዱ የተመሰከረለት ይህ ሕዝብ በጭቃ፣ በሣር፣ በአመድና በከብት ትንፋሽ ብርዱን ተቋቁሞ ኖሯል። የምድጃ ዐዋቂዎችም ሆኑ የደን ጠባቂዎች ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት በዚህ ምድጃ አጠገብ አንድ ማታ ቁጭ ብለው እመቤቲቱ እሳቱን እንዴት እንደምታዳፍን ቢመለከቱ ብዙ ያተርፋሉ።